ቆሽት ሲያርር
ስለ ቆሽት ነቀርሳ አጀማመር በእንጅባራ ለተማሪዎችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር



በቋንቋችን ስለ ቆሽት የማይናገር ሰው የለም። ሰው እጅግ ሲናደድ «ቆሽቴ አረረ» ይላል፤ እናትም ልጇ ሲያስቸግራት «ቆሽቴን አታሳርረው» ትለዋለች። ነገር ግን ቆሽት የት እንደሚገኝና ምን እንደሚሠራ ቢጠየቅ ከጣፊያ ጋር የሚያደባልቀው ሰው ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ዛሬ ስለ ቆሽት፥ ይልቁንም ስለ ቆሽት ነቀርሳ አጀማመር ጥቂት ቃል እንድናገር ፈቃዳችሁን እለምናለሁ። ንዴት ነቀርሳ ያመጣል ለማለት አይደለም። ቆሽት ግን በእውነት የሚያርርበት ጊዜ አለ፤ ካረረም በኋላ የዳነ መስሎ ሳለ ማረሩን እንደማይረሳ በቅርብ ዓመታት የተደረገ ምርምር አሳይቷል። የንግግሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

ቆሽት ከጨጓራ በስተኋላ ተጋድሞ የሚገኝ፥ ርዝመቱ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ዕጢ ነው። ሥራው ሁለት ነው። አንደኛው፥ ምግብን የሚያልም ብርቱ ፈሳሽ አመንጭቶ በቱቦ ወደ አንጀት መላክ ነው። ሁለተኛው፥ ኢንሱሊንን የመሰሉ ንጥረ ነገሮችን ወደ ደም እየላከ የስኳርን መጠን መቆጣጠር ነው። አብዛኞቹ የቆሽት ሴሎች የመጀመሪያው ሥራ ሠራተኞች ናቸው። እነዚህን «ፈሳሽ አመንጪ ሴሎች» እያልሁ እጠራቸዋለሁ፤ ነገሩ የሚጀምረው ከእነርሱ ዘንድ ነውና በልባችሁ ያዙልኝ።

የቆሽት ነቀርሳ የሚያስፈራው በብዛቱ ሳይሆን በገዳይነቱ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2022 በመላው ዓለም ከ510 ሺህ በላይ ሰዎች በዚህ በሽታ እንደ ተያዙ፥ በዚያው ዓመት ደግሞ 467 ሺህ ያህል ሰዎች እንደ ሞቱበት የዓለም አቀፉ የነቀርሳ ምርምር ድርጅት ግምት ያስረዳል። የታመመውና የሞተው ቁጥር ለመተካከል ጥቂት ነው የቀረው። በሀብታሟ አሜሪካ እንኳ ከ100 ሕመምተኞች መካከል በሽታው ከታወቀ በኋላ 5 ዓመት የሚኖሩት 13 ያህል ብቻ ናቸው። ምክንያቱም በሽታው ሲታወቅ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ተዛምቶ ስለሚገኝ ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ፥ በ2011 የተቋቋመው የአዲስ አበባ የነቀርሳ መዝገብ በሴቶች ላይ የጡትና የማኅፀን በር ነቀርሳ ቀዳሚዎች መሆናቸውን ያሳያል። የቆሽት ነቀርሳ ከፊተኞቹ ተርታ አይቆጠርም። ነገር ግን ቆሽት በሆድ ውስጥ በጥልቅ የተሸሸገ ስለሆነ ያለ ሲቲ ስካንና ያለ ናሙና ምርመራ በሽታው ስሙን አያገኝም። ከዳንግላ ወይም ከእንጅባራ ተነሥቶ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል፥ ከዚያም አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ለመድረስ ገንዘብም ጉልበትም ያጣ ሰው «በሆድ ሕመም ሞተ» ተብሎ ይቀበራል። ያልተቆጠረ ነገር የለም ማለት አይደለም።

አሁን ወደ አጀማመሩ እንግባ። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሁላችንም የተማርነው ነቀርሳ የጂን ስሕተት ነው ተብሎ ነው። ይህም ሐሰት አይደለም። ዲ.ኤን.ኤ. በአራት ፊደላት የተጻፈ ረጅም ጽሑፍ ቢባል፥ ከፊደላቱ አንዱ ሲሳሳት የቃሉ ትርጉም ይለወጣል። ኬ-ራስ የሚባለው ጂን ሴል መቼ እንዲባዛ የሚያዝዝ ጂን ነው፤ ዋናው ዓይነት የቆሽት ነቀርሳ ካለባቸው 100 ሰዎች ከ90 በሚበልጡት ላይ ይህ ጂን ተበላሽቶ ይገኛል። በ2010 በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች በዚህ በሽታ ከሞቱ ሰዎች የተወሰደውን ነቀርሳ ጂን በጂን መርምረው ጊዜውን አሰሉ። የመጀመሪያው የፊደል ስሕተት ከደረሰበት ቀን አንሥቶ የመጀመሪያው የነቀርሳ ሴል እስኪወለድ ከ10 ዓመት በላይ፥ ይህ ሴል የመዛመትን ችሎታ እስኪያገኝ ደግሞ ቢያንስ ሌላ 5 ዓመት እንደሚፈጅ ገመቱ። እንግዲህ በድንገት መጣ የምንለው በሽታ 15 ዓመት ሲንከባለል የቆየ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ጥያቄ ይነሣል። በሽታ የሌለባቸው ሰዎች ቆሽት በጥንቃቄ ሲመረመር በብዙዎቹ ውስጥ የተበላሸ ኬ-ራስ የያዙ ጥቃቅን እብጠቶች ተገኝተዋል። እነዚህ ሰዎች ግን በቆሽት ነቀርሳ አልታመሙም። የፊደሉ ስሕተት ብቻውን ነቀርሳ የሚያመጣ ቢሆን ኖሮ በሽታው የእያንዳንዱን ቤት በር ባንኳኳ ነበር። ታዲያ በአንዱ ሰው ውስጥ ተኝቶ የሚቀረውን ስሕተት በሌላው ውስጥ የሚቀሰቅሰው ምንድን ነው?

መልሱን ለማግኘት ከፊደሉ በላይ መመልከት ያስፈልጋል። ድጓ የተባለውን የዜማ መጽሐፍ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። በድጓ ላይ ከቃላቱ በላይ በትንንሽ ፊደል የተጻፈ ምልክት አለ። ምልክቱ ቃሉን አይለውጠውም፤ ዜማው የት እንዲነሣ፥ የት እንዲወድቅ የሚያዝዘው ግን እርሱ ነው። በሴላችን ውስጥም እንዲሁ ነው። የዓይን ሴልና የጉበት ሴል የሚያነቡት መጽሐፍ አንድ ነው፤ ልዩነታቸው የትኛው ምዕራፍ ተገልጦ፥ የትኛው ተዘግቶ እንደሚኖር ነው። ይህንን የሚወስኑት በዲ.ኤን.ኤ. ላይ የሚለጠፉ ሜቲል የሚባሉ ምልክቶች፥ ዲ.ኤን.ኤ. በተጠቀለለባቸው ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ የሚደረጉ ለውጦች፥ እንዲሁም የጥቅሉ መጥበቅና መላላት ናቸው። የዚህ ዓይነቱ ጥናት ኤፒጄኔቲክስ ይባላል። «ኤፒ» በግሪክ «በላይ» ማለት ነው፤ ቃሉንም በ1942 ለሳይንስ የሰጠው እንግሊዛዊው ኮንራድ ዋዲንግተን ነበር።

ምሳሌው ከደጃችን አለ። በአዊ ምድር ቀፎ ያላየ ማን አለ? አውራዋና ሠራተኛዋ ንብ የሚፈለፈሉት ከአንድ ዓይነት እንቁላል ነው። ልዩነታቸው በትልነታቸው ጊዜ የሚመገቡት ምግብ ነው። አንደኛዋ ዓመታት ኖራ እንቁላል ትጥላለች፤ ሌላዋ በሥራ ወራት ለሳምንታት ያህል ኖራ ትሞታለች። በ2008 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ከእንቁላል በወጡ ትንንሽ ትሎች ውስጥ ሜቲል የሚለጥፈውን ሠራተኛ ፕሮቲን ቢያዳክሙት፥ አብዛኞቹ የአውራ እንቁልጢ ይዘው አደጉ። ፊደሉ አልተነካም፤ ምልክቱ ብቻ ተለወጠ። ስለዚህ የምንበላው፥ የምንጠጣውና የሚደርስብን ጉዳት የጂናችንን አነባበብ ሊለውጥ ይችላል ቢባል ተረት አይደለም።

ይህን ይዘን ወደ ቆሽት እንመለስ። ፈሳሽ አመንጪ ሴሎች የሚሠሩት ፈሳሽ ሥጋን የሚያልም ነው። ቆሽት ሲጎዳ ይህ ፈሳሽ ወደ አንጀት መሄዱን ትቶ ቆሽቱን ራሱን መብላት ይጀምራል። ሐኪሞች ብግነት የሚሉት ይህን ነው፤ «በገነ» ከሚለው ቃል የወጣ ስለሆነ «ቆሽቴ አረረ» ከሚለው አባባላችን እምብዛም አልራቀም። በዚህ ጊዜ ሴሎቹ አንድ ብልህ ነገር ያደርጋሉ። ፈሳሽ የሚያመነጩባቸውን ምዕራፎች ይዘጉና የቱቦ ሴል ጠባይ ይይዛሉ፤ መሣሪያውን ጥሎ እጁን እንዳነሣ ወታደር ማለት ነው። አደጋው ሲያልፍ ምዕራፎቹን ገልጠው ወደ ቀድሞ ሥራቸው ይመለሳሉ። እስከዚህ ድረስ ያለው ሁሉ የጤና ነው።

አሁን የቅርብ ጊዜውን ምርምር እናገራለሁ። በ2021 በኒው ዮርክ የስሎን ኬተሪንግ ተመራማሪዎች የተበላሸ ኬ-ራስ ባላቸው አይጦች ቆሽት ላይ ሆን ብለው ብግነት አስነሡ። በ48 ሰዓት ውስጥ የዲ.ኤን.ኤ.ው ጥቅል አከፋፈት ተለወጠ፤ የተከፈቱትም ምዕራፎች በጤነኛ አይጥ ቁስል ሲድን የሚከፈቱት አልነበሩም፤ በሰው የቆሽት ነቀርሳ ውስጥ የሚታዩት ነበሩ። ብግነቱ ብቻውን ይህን አላደረገም፤ የተበላሸው ጂንም ብቻውን አላደረገም፤ ሁለቱ ሲገናኙ ግን በሁለት ቀን ውስጥ መንገዱ ተጠረገ።

በዚያው በ2021 በሂውስተን ከተማ የኤም ዲ አንደርሰን ተመራማሪዎች ነገሩን በሌላ በኩል ፈተኑት። በመጀመሪያ ጤነኛ ጂን ባላቸው አይጦች ላይ ብግነት አስነሥተው እስኪድኑ ጠበቁ። በመነጽር ሲታይ ቆሽቱ እንደ ቀድሞው ነበር። ኬ-ራስን ያበላሹት ከዚያ በኋላ ነው። ቀድሞ ባረረው ቆሽት ውስጥ በሽታው ካላረረው ይልቅ ፈጥኖ አደገ። የዳኑት ሴሎች የብግነቱን ትዝታ በምልክታቸው ላይ ይዘው ቆይተው ነበርና። የሚገርመው ይህ ትዝታ በራሱ ክፉ አለመሆኑ ነው። ብግነት ዳግመኛ ቢመጣ ሴሎቹ ፈጥነው መሣሪያቸውን እንዲጥሉና ጉዳቱ እንዲቀንስ ይረዳል። ሰውነት ራሱን ለማዳን ያበጀውን በር ነቀርሳው መግቢያ አደረገው።

በ2023 ደግሞ የኒው ዮርኮቹ ተመራማሪዎች ሴሎችን አንድ በአንድ መርምረው፥ ወደ ነቀርሳነት ከሚያዘነብሉት አንዳንዶቹ ገና ነቀርሳ ሳይሆኑ ብዙ ምዕራፎችን በአንድ ጊዜ ገልጠው እንደሚቆዩ አሳዩ። ወዲያም ወዲህም ለመሄድ የተዘጋጁ ናቸው፤ በዙሪያቸው ካሉት ሴሎች ጋርም ብዙ መልእክት ይለዋወጣሉ።

በሰው ላይ ስለሚታየውም አንድ ነገር ልጨምር። ሴል ያለ ልክ እንዳይባዛ የሚገታ ፒ-16 የሚባል ጠባቂ አለ። በቆሽት ነቀርሳ ውስጥ ይህ ጠባቂ ሥራውን ያላቆመበት ጊዜ ጥቂት ነው። በአንዳንዱ ሕመምተኛ ጂኑ ጨርሶ ተቆርጦ ይጠፋል፤ በአንዳንዱ ፊደሉ ይሳሳታል፤ በሌላው ግን ፊደሉ እንዳለ ሆኖ ሜቲል ተለጥፎበት ተዘግቶ ይገኛል። ጠባቂው አልሞተም፤ በሩ ተቆልፎበታል።

ጓደኞቼ ሆይ፤ «ይህ ሁሉ የአይጥና የአሜሪካ ነገር ነው፤ ለእኛ ምን ይረባናል? በጃዊ ወባ ሰው እያሠቃየ፥ እናቶች በጡት ነቀርሳ እየሞቱ ስለ ሜቲል መናገር ቅንጦት አይደለምን?» የሚል ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በሦስት ክፍል እመልሳለሁ።

መጀመሪያ፥ ለቆሽት ነቀርሳ የሚሆነው ሕክምና ውድ ነው፤ በሀብታሞቹም አገር ብዙ አላዳነም። የምርምሩ ትምህርት ግን በሽታው ከመወለዱ በፊት ረጅም ዘመን መኖሩንና በዚያም ዘመን ውስጥ ብግነት ታላቅ ድርሻ እንዳለው ነው። የፊደሉን ስሕተት ማንም ሊከለክል አይችልም፤ ሴል ሲባዛ በራሱ ይደርሳልና። ብግነትን መቀነስ ግን ይቻላል። ድሃ አገር በሽታውን ሊቀድመው የሚችለው በዚህ በኩል ነው።

ሁለተኛ፥ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ የቆሽት ብግነት ዋና ምክንያት ብዙ የአልኮል መጠጥ ነው፤ ሲጋራ ያባብሰዋል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው በቆሽት ነቀርሳ የመያዙ ዕድል ከማያጨሰው እጥፍ ያህል ነው። ስለ መጠጥ ስናገር ስለ አረቄ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ዳግም አረቄ ከመቶ 40 በላይ አልኮል የሚይዝበት ጊዜ አለ። እዚህ ላይ ቃሌን በጥንቃቄ እሰጣለሁ። በዚህ አዳራሽ ካለነው መካከል እናቱ አረቄ አውጥታ፥ ጠላ ጠምቃ ደብተርና ጫማ የገዛችለት ብዙ ነው። እነዚያን እናቶች የሚወቅስ ንግግር ከእኔ አፍ አይወጣም። ጢስ ዓይናቸውን እያቃጠለው ያስተማሩን እነርሱ ናቸው። ነገር ግን የእነርሱ ድካም ፍሬ የሆነው ተማሪ ቅዳሜ ማታ ከጓደኛው ጋር ተወራርዶ አረቄ በብርጭቆ ሲገለብጥ ማየት ያሳዝናል። የጠጣ ሁሉ በነቀርሳ አይያዝም፤ ቆሽቱ የበገነበትም ሰው አብዛኛውን ጊዜ በነቀርሳ አይሞትም። ሆኖም የሃያ ዓመት ወጣት ቆሽት ዛሬ ያረረውን በአርባ ዓመቱ ሊያስታውስ ይችላል የሚለው ሐሳብ ብርጭቆውን ለማስቀመጥ በቂ ምክንያት ይመስለኛል።

ሦስተኛ፥ ስለ የወፍ በሽታ ነው። በአገራችን ዓይኑና ገላው ቢጫ የሆነ ሰው የወፍ በሽታ ያዘው ይባልና ወደ መድኃኒት አዋቂ ይወሰዳል። ለዓይን ቢጫ መሆን ብዙ ምክንያት አለ፤ አብዛኛውም ነቀርሳ አይደለም። ነገር ግን በቆሽት ራስ ላይ የበቀለ ነቀርሳ የሐሞትን ቱቦ ሲዘጋ የመጀመሪያ ምልክቱ ይኸው ቢጫነት ሊሆን ይችላል። ዕድሜው የገፋ ሰው ትኩሳትና ሕመም ሳይኖረው ዓይኑ ቢጫ ቢሆን፥ ሽንቱ ቢጠቁር፥ ዓይነ ምድሩ ቢነጣ፥ ገላውን ቢያሳክከውና ያለ ምክንያት ቢከሳ አንድ ሳምንት እንኳ ሳይጠብቅ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ አለበት። ከ50 ዓመት በላይ የሆነ ሰው በድንገት የስኳር በሽታ ቢገኝበትና ቢከሳም እንዲሁ ነው። በቆሽት ራስ ላይ ያለ ነቀርሳ በጊዜ ከተደረሰበት በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ይችላል፤ የመዳን ተስፋ ያለውም በዚህ ጊዜ ነው። በቅጠልና በሥር የሚያልፈው ወር ግን አይመለስም። የመድኃኒት አዋቂዎቹን ዕውቀት ለማናናቅ አይደለም የምናገረው፤ አዋቂውም «መጀመሪያ ሐኪም ይየው» እንዲል ብናስተምር ሁላችንም እንጠቀማለን።

ምልክት ከፊደል የሚለየው ሊፋቅ መቻሉ ነው። ይህም ታላቅ ተስፋ ነው። በ2004 በአሜሪካ የተፈቀደው አዛሲቲዲን የሜቲልን ምልክት እየቀነሰ አንዳንድ የደምና የመቅኒ በሽታዎችን ያክማል። በቆሽት ነቀርሳ ላይ ግን እንደዚህ ያሉ መድኃኒቶች እስከ አሁን ያንን ውጤት አላሳዩም። ስለዚህ ነገ አንድ ነጋዴ መጥቶ «ጂንህን የሚያድስ ዱቄት» ቢሸጥላችሁ ገንዘባችሁን በኪሳችሁ ያዙ።

ለሳይንስ ተማሪዎች ለብቻ አንድ ቃል አለኝ። የዓለም የጂን ጥናት ትልቁ ክፍል የተሠራው የአውሮፓ ተወላጆች በሆኑ ሰዎች ላይ ነው። ምልክቶቹ ደግሞ በምግብ፥ በመጠጥ፥ በጢስና በተላላፊ በሽታ የሚለወጡ ከሆነ፥ በአዊ ገበሬ ቆሽት ላይ የተጻፈውን ከኒው ዮርክ ሆኖ ማንም ሊያነበው አይችልም። የጂን ማንበቢያ መኪና ዛሬ እንግዛ አልልም። ከዚያ በፊት የሚቀድም ርካሽ ሥራ አለ፤ እርሱም መዝገብ ነው። ቆሽቱ የበገነበት ሰው ዕድሜው፥ መጠጡ፥ ሲጋራው፥ ስኳሩ ተጽፎ ቢቀመጥ፥ የተወሰደ ናሙና ሳይጣል በሥርዓት ቢጠበቅ፥ ከኋላችን የሚመጣው ተመራማሪ የሚያነበው ያገኛል። መዝገብ ከሌለ ግን መኪናው ቢመጣም የሚመረምረው የለም።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። የመጀመሪያው፥ በክረምቱ ዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ እያንዳንዳችን ቢጫ ዓይን ላለው ሰው ምን መደረግ እንዳለበት በአውኚና በአማርኛ ለቤተሰባችንና ለጎረቤቶቻችን እንድንናገር ነው። አንድ ገጽ ወረቀት በሁለቱ ቋንቋ ተባዝቶ ቢታደል ወጪው ጥቂት ነው፤ የጤና ተማሪዎች ቢጽፉት፥ አውኚ የሚችሉት ቢተረጉሙት፥ መምህራኖቻችንም ቢያርሙት በሁለት ሳምንት ያልቃል። ሁለተኛው፥ በማኅበሩ ስም በሚደረግ ግብዣ ሁሉ የመጠጥ ውርርድ እንዲቀር በድምፅ እንድንወስን ነው። ይህ ሕግ የሚጠጣውን ሁሉ ለመቅጣት ሳይሆን፥ መጠጣት የማይፈልገው ተማሪ ያለ ኀፍረት ብርጭቆውን እንዲመልስ ነው።

ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው የታሪኩ መጨረሻ ነው። መጀመሪያው የሚጻፈው ከ15 ዓመት በፊት፥ ሕመም በሌለበት፥ ማንም በማያየው ስፍራ ነው። ያ ዘመን ለብዙዎቻችን ገና አሁን ነው። ሁለቱን ሐሳቦች ተወያይታችሁ እንድትወስኑባቸው ለጉባኤው አስረክባለሁ።